አራት ወንዞችና ሦስት ሕፃናት

ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ አገር ሊያሳይ ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚያቅደው ለአዋቂ የሚሆነውን ጉዞ ነው። መነሻው ታውቋል፤ መድረሻውም ታውቋል፤ በመካከል ያለው መንገድ እንደ ዕዳ ይቆጠራል። ሕፃን ግን መድረሻ የሚባለውን ነገር ገና አልተማረም። «ደረስን ወይ?» እያለ የሚነዘንዘው ለመድረስ ቸኩሎ ሳይሆን ሥራ አጥቶ ነው። ሥራ ከተሰጠው አይነዘንዝም፤ እንዲያውም ቶሎ ደረስን ብሎ ይከፋዋል።

ውድ አንባብያን፥ በዚህ ጽሑፍ ለማንሣት የምወደው፥ ጉዞ ለሕፃናት ጀብዱ እንዲሆንላቸው ምን ሥራ ሊሰጣቸው እንደሚገባ ነው። ለምሳሌ የምወስደውም ከአዲስ አበባ ተነሥቶ 330 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ምዕራብ ተጉዞ ነቀምቴ የሚያደርሰውን መንገድ ነው። አባቶቻችን ለቀምት ይሏት የነበረችው ከተማ ማለት ነው።

ነገሩ የጨዋታ ጉዳይ ብቻ እንዳይመስል አስቀድሜ አንድ ነገር ልናገር። የታላቅ ወንድሜ ልጆች ሦስት ናቸው፤ የ9፥ የ6 እና የ3 ዓመት። ሁሉም አዲስ አበባ ተወለዱ። ኦሮምኛ አይችሉም፤ አኮ የሚሏት አያታቸው ደግሞ አማርኛዋ ከሰላምታ አያልፍም። ባለፉት ዓመታት በወለጋ በነበረው የጸጥታ ችግር ምክንያት፥ እንደ ብዙ ቤተሰብ ሁሉ የእኛም ሰዎች ዛሬ ነገ ሲሉ ሳይሄዱ ቀሩ። በዚህ መካከል ልጆቹ ስለ አባታቸው አገር የሰሙት፥ ትልልቆቹ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው በስልክ የሚነጋገሩትን ብቻ ነበር። የ6 ዓመቷ ልጅ አንድ ቀን «እዚያ የሚኖሩ ልጆች አሉ ወይ?» ብላ ጠየቀችኝ። እንግዲህ ወለጋ በዚህች ልጅ ልብ ውስጥ ምን ዓይነት አገር ሆኖ እንደ ተቀመጠ አስቡት።

መንገዱ ደኅና መሆኑን ከዘመድም ከሾፌሮችም ደጋግመን ጠይቀን፥ ለመስቀል እንሂድ ተባለ። ወንድሜ ግን ልጆቹን ይዞ መሄዱን አልወደደውም። «ሕፃን ምን ያስታውሳል? እኛ ሄደን እናታችንን እንያት፤ እነርሱ ሲያድጉ ይሄዳሉ» አለ። ይህ አነጋገር በብዙ ቤት የሚሰማ ስለሆነ መልስ ያስፈልገዋል። እኔም ያቀረብሁለት መልስ የአስቴር ጋኖን ታሪክ ነው።

አስቴር በልጅነታቸው ከሊሙ አካባቢ ተነጥቀው ባሪያ ሆነው የተሸጡ ናቸው። ወደ ባሕር ማዶ ሲወሰዱ ጣሊያኖች መርከቧን ይዘው በ1886 እ.ኤ.አ. ነፃ አወጧቸው፤ ከዚያም በምፅዋ አጠገብ በእምኩሉ በነበረው የስዊድን ሚሲዮን ትምህርት ቤት ገቡ። እዚያም ከኦኔሲሞስ ነሲብ ጋር መሥራት ጀመሩ። ኦኔሲሞስም በልጅነታቸው የተሸጡ ነበሩ፤ የመጀመሪያ ስማቸው ሂካ ሲሆን ትርጉሙ «ተርጓሚ» ማለት ነው። አስቴር በሕፃንነታቸው በሰፈራቸው የሰሙትን ተረት፥ ምሳሌ፥ እንቆቅልሽና ዘፈን ከትዝታቸው እያወጡ ወደ 500 የሚሆን ጻፉ። ከዚያም ከፊሉ በ1894 እ.ኤ.አ. በታተመው የኦሮምኛ ማስተማሪያ መጽሐፍ ውስጥ ገባ። የኦሮምኛው መጽሐፍ ቅዱስ በ1899 እ.ኤ.አ. ታትሞ ወጣ፤ በ1904 እ.ኤ.አ. ሁለቱም ወለጋ ገቡ፤ ትምህርት ቤትም ከፈቱ። ኦኔሲሞስ በ1923 ዓ.ም. ያረፉት በዚያው በነቀምቴ ነው።

ከአገሯ፥ ከዘመዷና ከቋንቋዋ በግፍ የተነጠቀች ልጅ ይህን ሁሉ በልቧ ይዛ ከቆየች፥ «ሕፃን ምን ያስታውሳል?» የሚለው ጥያቄ መልስ አገኘ። ወንድሜ ዝም አለ፤ ሚስቱ ግን «እንግዲያው ፌስታልና ሎሚ አዘጋጁ» አለች። ይህም ትክክለኛ ምክር ነበር፤ ሆድ ሲገለበጥ ታሪክ የሚሰማ ልጅ የለምና።

ለጉዞው የመረጥነው ሥራ ወንዝ ማደን ነው። በዚህ መንገድ ላይ የሚያስደንቀው ነገር፥ ተጓዡ ሳያስተውለው ሦስት የተለያየ መጨረሻ ያላቸውን ውኃዎች መሻገሩ ነው። የ9 ዓመቱ ልጅ የወንዝ ጸሐፊ ተብሎ ደብተርና እርሳስ ተሰጠው። የ6 ዓመቷ ከየወንዙ ዳር አንዳንድ ቅጠል እየለቀመች በደብተሩ ውስጥ ታስቀምጣለች። የትንሹ ሥራ ለወንዙ «ደኅና ሁን» ማለት ነበር፤ ከሁሉም ይልቅ ሥራውን አክብሮ የሠራ እርሱ ነው። ለየወንዙ ሦስት ጥያቄ ይቀርባል፦ ከየት ትመጣለህ? ወዴት ትሄዳለህ? በመንገድህስ ምን ትሠራለህ? በድልድይ ላይ መቆም የለም፤ መኪናው ድልድዩን አልፎ ጥግ ሲይዝ እጅ ለእጅ ተያይዞ ከሩቅ መመልከት ነው። በመስከረም ወንዝ ሙሉ ስለሆነ ወደ ዳር የሚጠጋ አይኖርም።

የመጀመሪያው ወንዝ አዋሽ በጊንጪ አካባቢ ተገኘ። ከዚያ አጠገብ ካለው ከፍታ ስለሚነሣ እዚህ ገና ልጅ ነው። ወደ ምሥራቅ ሄዶ በቆቃ ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ እርሻ ያጠጣል፤ በመጨረሻም በአፋር ምድር አቤ ሐይቅ ገብቶ ይቀራል። ባሕር አያይም። ጸሐፊያችን በደብተሩ «አዋሽ ባሕር አላየም። እኔም አላየሁም» ብሎ ጻፈ። ያስጻፈው ማንም የለም።

አምቦ ስንደርስ ውኃውን አይተው «ጋዙን ማን ጨመረበት?» አሉ። ከመሬት ውስጥ ሲፈልቅ ይዞት እንደሚወጣ ስንነግራቸው ግማሽ ብቻ አመኑን። ከአምቦ ጥቂት ራቅ ብሎ ጉደር አለ። ፏፏቴው በዚህ ወቅት ድምፁ ከሩቅ ይሰማል። የጉደር ውኃ ወደ አባይ ነው የሚሄደው። እንግዲህ በጊንጪና በጉደር መካከል ባለው ከፍታ ላይ ውኃው አገር ለየ ማለት ነው። ከጌዶ ተራራ ወርደን ባኮ አካባቢ የተሻገርነው ግቤ ደግሞ ወደ ደቡብ ይፈስሳል፤ ኦሞ ተብሎ፥ በግቤ ሦስት ግድብ አልፎ ቱርካና ሐይቅ ይገባል።

በዚህ ጊዜ ስለ ሁለት የዝናብ ጠብታዎች አጫወትኋቸው። ከአንድ ደመና የወረዱ ወንድማማቾች ናቸው። በባኮና በነቀምቴ መካከል ካለው ጀርባ ላይ ጎን ለጎን ይወድቃሉ። አንዱ ወደ ምሥራቅ አዘንብሎ ግቤ ይገባና እስከ ቱርካና ይሄዳል፤ ሌላው ወደ ምዕራብ አዘንብሎ ደዴሳን፥ ከዚያም አባይን ተከትሎ ሱዳንንና ግብፅን አቋርጦ ባሕር ይደርሳል። ልጅቷ «ተመልሰው ይገናኛሉ ወይ?» አለች። ወንድሟ «ደመና ሲሆኑ» ብሎ መለሰላት። እኔ ይህን አላሰብሁትም ነበር።

የቋንቋውን ነገርም በወንዝ ጀመርነው። «ኦሮምኛ አናውቅም» ሲሉ «ለገዳዲን ታውቃላችሁ?» አልኋቸው። የአዲስ አበባ ልጅ ሁሉ ያውቃል። «ለገ» ወንዝ ነው፤ «ዳዲ» ጠጅ ነው። የጠጅ ወንዝ! ይህን ከሰሙ በኋላ በየምልክት ሰሌዳው ላይ ያለውን የቦታ ስም ሁሉ ፍታልን ማለት ጀመሩ፤ የማላውቀውን እርሻ ውስጥ ያገኘነውን ሰው እየጠየቅሁ ነገርኋቸው። ውኃ ቢሻን፥ ዝናብ ሮባ፥ ጉማሬ ሮቢ መሆኑን ተማሩ።

በዚሁ መንገድ አንድ ሌላ ታሪክ አለ፤ ግን ለሁሉም ዕድሜ የሚነገር አይደለም። ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ባለችው ሆለታ የጦር ትምህርት ቤት ነበር። አዲስ አበባ በጠላት ከተያዘች በኋላ ከዚያ ትምህርት ቤት የወጡ ወጣቶች ወደ ወለጋ ዘልቀው ከዶክተር ዓለመወርቅ በየነና ከሌሎች ጋር የጥቁር አንበሳን ማኅበር አቋቋሙ። ሦስት የጣሊያን አውሮፕላኖች ከነቀምቴ ብዙ በማይርቀው በቦነያ ባረፉ ጊዜ፥ ለሰኔ 20 ቀን 1928 ዓ.ም. አጥቢያ በሌሊት ደርሰው አውሮፕላኖቹን አቃጠሉ። ከመጡት ጣሊያኖች 12ቱ ሞቱ፤ የተረፈው አንድ ቄስ ብቻ ነው። ይህን ለ9 ዓመቱ ልጅ ብቻ፥ ሌሎቹ ሲተኙ ነገርሁት። ስለ ሞቱት ጠየቀኝ፤ አልደበቅሁትም። ጀብዱ ማለት ለልጅ ውሸት መንገር ነው ብሎ የሚያስብ ካለ ተሳስቷል። በማግስቱ በወለጋ ሙዚየም የአውሮፕላን ስብርባሪ ሲያይ ብረቱን አተኩሮ ተመለከተ እንጂ እንደ ሌላ ጊዜ አልሮጠም።

በነቀምቴ የኩምሳ ሞረዳን ቤተ መንግሥትም አይተናል። ሞረዳ በከሬ የሌቃ ነቀምቴ ገዥ ነበሩ፤ ለአፄ ምኒልክ የገበሩት ከ1874 ዓ.ም. የእምባቦ ጦርነት ዘመን ወዲህ ነው። ልጃቸው ኩምሳ ክርስትና ሲነሡ ገብረ እግዚአብሔር ተባሉ። ልጆቹን ግን የማረካቸው የዘር ሐረጉ ሳይሆን የእንጨቱ ሥራ ነበር። ስለዚህ ቶሎ አለፍነው፤ ሕፃንን በሙዚየም ከአንድ ሰዓት በላይ ማቆየት ለሙዚየሙም ለሕፃኑም አይበጅም።

ከቤተ መንግሥቱ ይልቅ የአኮ ጓሮ ሰፊ ነበር። አንጮቴ የሚባለውን የወለጋ ሥራ ሥር አላዩም። ከላይ የሚታየው ሐረግ ነው፤ የሚበላው ከመሬት ውስጥ ነው፤ ለመስቀልም ሳይቀርብ አይቀርም። አኮ መቆፈሪያውን ለልጅቷ ሰጠቻት። አንድም የጋራ ቃል ሳይኖራቸው ግማሽ ቀን አብረው ቆፈሩ። ማታ ቡና ሲፈላ ልጅቷ የሰበሰበቻቸውን ቅጠሎች አውጥታ «ቢሻን» እያለች አሳየቻት። አኮ እየሳቀች አንድ በአንድ ስማቸውን ነገረቻት፤ ጸሐፊው እየጻፈ። ከዚያ ሂቦ፥ ማለትም እንቆቅልሽ ጀመረች፤ ወንድሜ ተርጓሚ ሆነ። በዚያ ሌሊት ወንድሜ ራሱ ለዓመታት ያልሰማውን እንቆቅልሽ ሲፈታ አየሁት።

አራተኛው ወንዝ ደዴሳ ከነቀምቴ ወደ ጊምቢ በሚወስደው መንገድ ላይ ነው። ነቀምቴ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስለሆነች፥ ወደ ሸለቆው ሲወረድ ሹራብ እየወለቀ ነው። አኮም አብራን ወረደች። ጉማሬ ይኖርበታል ተብሏልና ሁሉም ዝም ብሎ ጠበቀ። እኔ ያየሁት ነገር የለም፤ ትንሹ ግን አፍንጫ አይቻለሁ ብሎ እስከ ዛሬ አልተመለሰም። ጸሐፊው ሦስቱን ጥያቄ ሲያቀርብ፥ ይህ ውኃ አባይ ገብቶ በጉባ፥ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀውን ግድብ እንደሚያልፍ ነገርነው። «እንግዲያው አዲስ አበባ መብራት ሲበራ ከአኮ ወንዝ ነው» አለ። አባቱ ይህን በኦሮምኛ ለእናቱ ሲነግራት፥ አኮ ወንዙን ለረጅም ጊዜ ዝም ብላ ተመለከተች። ከዚያ «ቆጣሪው የማን ነው በሉት» አለች።

በደብተሩ ውስጥ «ዳቡስ» የሚል ርእስ የተጻፈበት አምስተኛ ገጽ አለ። እርሱ ከመንዲ ወዲያ፥ በአሶሳ መንገድ የሚገኝ ነው። ልጆቹ ቅጠል የሚያደርቁበትን አሮጌ መጽሐፍ ከወዲሁ አዘጋጅተዋል፤ አኮም መንገዱ እንዴት እንደ ሆነ በየሳምንቱ ሾፌሮችን ትጠይቃለች።