ከመጀመሪያው ክኒን በፊት

ትኩሳትና ራስ ምታት ይዞት ክሊኒክ የሄደ ሰው ደም ይሰጥና አንድ ሰዓት ሳይሞላ «ታይፎይድና ታይፈስ አለብህ» ተብሎ ይወጣል። በእጁ 1፡80 ወይም 1፡160 የሚል ውጤትና የሲፕሮ ማዘዣ አለ። «ታይፎይዴ ተነሣብኝ» እያለ በዓመት ሁለት ሦስቴ መድኃኒት የሚወስድ ሰው የማያውቅ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። ያ ወረቀት ግን ስለ ባክቴሪያው የሚናገረው በጣም ጥቂት ነው። የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው ደግሞ ጭራሽ አይናገርም።

የታይፎይዱ ምርመራ ዊዳል ይባላል። ስሙን ያገኘው በ1896 ካስተዋወቀው ፈረንሳዊ ሐኪም ከፈርናንድ ዊዳል ነው (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ምርመራው የሚፈልገው ታይፎይድን የሚያመጣውን ሳልሞኔላ የተባለ ባክቴሪያ ሳይሆን ሰውነታችን እሱን ለመዋጋት ያመረተውን አንቲቦዲ ነው። አንቲቦዲ በሕመሙ የመጀመሪያ ቀናት ገና አልተመረተም፤ ከተመረተ በኋላ ደግሞ በሽታው ቢለቅም ለወራት በደም ውስጥ ይቆያል። የቀድሞ ክትባት፣ ሌላ ዓይነት ሳልሞኔላ፣ ወባም ጭምር ውጤቱን «ፖዘቲቭ» ሊያደርጉት ይችላሉ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ነው፤ ጩኸቱ አምና ስላለፈው ጅብ ሊሆን ይችላል። ደንቡን ጠብቆ ለመሥራት ከ10 እስከ 14 ቀን ልዩነት ሁለት ጊዜ ደም ተወስዶ ቁጥሩ በአራት እጥፍ ማደጉ መታየት አለበት። ለሁለተኛው ደም የሚመለስ ሰው ግን የት ይገኛል? ያኔ ወይ ድኗል፣ ወይ ሌላ ክሊኒክ ሄዷል።

የተለመደው የሰገራ ምርመራም «ባክቴሪያው የትኛው ነው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የለውም። በማይክሮስኮፕ አሜባን፣ ጃርዲያንና የትል እንቁላልን ማየት ይቻላል። ባክቴሪያ ግን በጤነኛ ሰው ሰገራም ሞልቷል፤ ደም የተቀላቀለበት ተቅማጥ የሚያመጣውን ሺጌላን ጉዳት ከሌለው የአንጀት ነዋሪ በማይክሮስኮፕ ብቻ መለየት አይቻልም።

ባክቴሪያውን ራሱን የሚያሳየው ካልቸር ነው። ናሙናው ባክቴሪያው የሚመገበው ነገር ባለበት ሳህን ላይ ይዘራና 35 ዲግሪ ገደማ ሙቀት ውስጥ ያድራል። ኤክስ.ኤል.ዲ በሚባለው ሳህን ላይ አብዛኛው ሳልሞኔላ መሐሉ የጠቆረ ቀይ ነጥብ፣ ሺጌላ ቀይ ብቻ፣ የአንጀት ነዋሪው ኢ.ኮላይ ደግሞ ብዙውን ጊዜ ቢጫ ሆኖ ይበቅላል፤ ከዚያ ማረጋገጫ ምርመራዎች ይከተላሉ። ለሺጌላ ፍጥነት ወሳኝ ነው። ሰገራው በ2 ሰዓት ውስጥ ላቦራቶሪ መድረስ ወይም ኬሪ ብሌር በተባለው ማጓጓዣ ውስጥ መቀመጥ አለበት፤ አለዚያ ባክቴሪያው በመንገድ ሊሞት ይችላል።

ለታይፎይድ የሚመረጠው የደም ካልቸር ነው። በታማሚው 1 ሚሊ ሊትር ደም ውስጥ የሚገኘው ሕያው ባክቴሪያ ብዙ ጊዜ ከአንድ አይበልጥም፤ ከአዋቂ ሰው 8 ወይም 10 ሚሊ ሊትር የሚቀዳው ለዚህ ነው። እንዲያም ሆኖ ካልቸር የሚያገኘው ከ100 ታማሚዎች ወደ 60 የሚሆኑትን ነው። ታማሚው አስቀድሞ ከጎረቤት የተዋሰውን አሞክሳሲሊን ወይም ከፋርማሲ ያለ ማዘዣ የገዛውን ሲፕሮ ውጦ ከሆነ ያም ዕድል ይቀንሳል። ክኒኑ በሽታውን ለማጥፋት ባይበቃም ባክቴሪያው በሳህኑ ላይ እንዳይበቅል ለማድረግ ሊበቃ ይችላል።

ባክቴሪያው ከበቀለ የትኛው መድኃኒት ይገድለዋል? በብዛት የሚሠራበት ዘዴ ባወር፣ ኪርቢና ባልደረቦቻቸው በ1966 ያሳተሙት ነው። ባክቴሪያው በሳህን ላይ በእኩል ይቀባና መድኃኒት የያዙ ትንንሽ የወረቀት ክቦች ይደረደሩበታል። ካደረ በኋላ መድኃኒቱ በሠራበት ክብ ዙሪያ ምንም ያልበቀለበት ጥርት ያለ ቀለበት ይታያል፤ ባለሙያው ስፋቱን በሚሊ ሜትር ይለካል። ወረቀትዎ ላይ «ኤስ» ካለ መድኃኒቱ ይሠራል፣ «አር» ካለ ባክቴሪያው ተላምዶታል ማለት ነው፤ «አይ» መካከለኛው ነው።

መለኪያው ራሱ ታሪክ አለው። ለሳልሞኔላ ሲፕሮ «ይሠራል» የሚባለው ቀለበቱ 21 ሚሊ ሜትር ሲደርስ ነበር። በዚያ መለኪያ አልፎ ሲፕሮ የታዘዘለት ታማሚ ግን ትኩሳቱ አልወርድ እያለ ያስቸግር ነበር። በ2012 የአሜሪካው የክሊኒካልና ላቦራቶሪ ደረጃዎች ተቋም ወሰኑን ወደ 31 ከፍ አደረገው። ስለዚህ በአሮጌ ሠንጠረዥ የሚሠራ ላቦራቶሪ የተላመደውን ባክቴሪያ «ኤስ» ብሎ ሊልክ ይችላል። ሌላም ወጥመድ አለ። ጄንታማይሲን በሳህን ላይ ሳልሞኔላንና ሺጌላን ይገድላል፣ በታማሚው አካል ግን አያድንም፤ ሳልሞኔላ የሚሸሸገው ሴል ውስጥ ገብቶ ሲሆን መድኃኒቱ እዚያ በበቂ መጠን አይደርስም። የተቋሙ ደንብም ላቦራቶሪው ይህን መድኃኒት ለእነዚህ ባክቴሪያዎች «ኤስ» ብሎ እንዳይጽፍ ይከለክላል።

የአንድ ሰው ካልቸር ከሌሎች ጋር ሲደመር ምን እንደሚያወጣ ፓኪስታን አሳይታለች። በ2016 መጨረሻ በሲንድ ክፍለ ሀገር በሃይደራባድ ከተማ ሴፍትሪያክሶን በተባለው መድኃኒት የማይመለስ ታይፎይድ ታየ። የአጋ ካን ዩኒቨርሲቲ ላቦራቶሪ ካልቸሮች ባክቴሪያው ክሎራምፌኒኮልን፣ አምፒሲሊንን፣ ኮትሪሞክሳዞልን፣ ሲፕሮንና ሴፍትሪያክሶንን ጭምር መላመዱን አረጋገጡ። በአፍ ከሚወሰዱት መካከል አስተማማኝ ሆኖ የቀረው አዚትሮማይሲን ብቻ ነበር። በ2018 የወጣው የዘረ መል ጥናት ባክቴሪያው መላመዱን የሚሸከም ፕላስሚድ የተባለ ቁራጭ ከሌሎች የአንጀት ባክቴሪያዎች ሳይወስድ እንዳልቀረ አሳየ። በኅዳር 2019 ፓኪስታን አዲሱን የታይፎይድ ክትባት በመደበኛ የክትባት ፕሮግራሟ በማስገባት የመጀመሪያዋ አገር ሆነች። በዊዳል ብቻ ቢሠራ ኖሮ ይህ ሁሉ «ታይፎይድ በዛ» ከመባል አያልፍም ነበር።

እንዲህ ያለውን መላመድ ለመከታተል የዓለም ጤና ድርጅት በ2015 ግላስ የተባለ የቅኝት ሥርዓት አቋቁሟል፤ ሳልሞኔላና ሺጌላ ሥርዓቱ ከሚከታተላቸው ጀርሞች መካከል ናቸው። በአገራችንም የኢትዮጵያ የሕብረተሰብ ጤና ኢንስቲትዩት ከ2017 ጀምሮ ከተመረጡ ሆስፒታሎች ውጤት የሚሰበስብ መረብ ያስተባብራል።

ታዲያ ምን ያድርጉ? ለቀጠነ ተራ ተቅማጥ ብዙ ጊዜ አንቲባዮቲክ አያስፈልግም፤ ኦ.አር.ኤስ ይጠጡ፣ ለሕፃናት ዚንክ ይጨመራል። ትኩሳቱ ለቀናት ከቆየ ወይም ሰገራው ደም ካለበት ግን «ካልቸር ይሠራልኝ?» ብለው ይጠይቁ፤ ጤና ጣቢያው ከሌለው የት እንደሚላክ ይነግሩዎታል። ምንም ዓይነት ክኒን ወስደው ከሆነ አይደብቁ። በጠና የታመመ ሰው ግን ውጤት መጠበቅ የለበትም፤ ናሙናው ይወሰድና ሕክምናው ወዲያው ይጀመር። ውጤቱ ሲደርስ መድኃኒቱ ይቀየር እንደሆነ ለመጠየቅ ይመለሱ፤ ይህን የሚያደርግ ሰው ጥቂት ነው።

የእርስዎ ካልቸር ለሌላውም ታማሚ ይጠቅማል። አንድ ሆስፒታል የትኛው ጀርም የትኛውን መድኃኒት ምን ያህል እንደተላመደ የሚያሳይ የራሱን ሠንጠረዥ ሲያወጣ ከእያንዳንዱ ታማሚ የመጀመሪያውን ባክቴሪያ ብቻ ይቆጥራል፤ በአንድ ጀርም ከ30 ያነሰ ከሆነ መቶኛው አያስተማምንም። ብዙዎቻችን ለካልቸር የምንደርሰው ሁለት ሦስት መድኃኒት ከከሸፈብን በኋላ ስለሆነ ሠንጠረዡ የሚያሳየው በጣም የተላመዱትን ነው። በቀላል ክኒን የሚድነው የሰፈር ሰው እዚያ ውስጥ የለም። ሐኪሙም ሠንጠረዡን አይቶ ጠንካራውን መርፌ ከመጀመሪያው ቀን ያዝዛል።