አትክልት ሳይጠወልግ ስለ ማቆየት

ይህን አርእስት ያየ ጓደኛችን «የሥነ ጽሑፍ ተማሪዎችን ከጎመን ጋር ምን አገናኛቸው?» ብሎ ይስቅ ይሆናል። ይሣቅ፤ ነገር ግን ሣቁን ሲጨርስ በኪራይ ክፍሉ ጥግ በፌስታል ቋጥሮ ያስቀመጠውን ቆስጣ ሄዶ ይመልከት። ቅዳሜ ገበያ ወጥተን የገዛነው አትክልት ማክሰኞ ላይ ጠውልጎ እናገኘዋለን። ረቡዕ ደግሞ ጾም ነውና የምንተማመነው በእርሱ ነበር። የሚጣለው ቅጠሉ ብቻ አይደለም፤ ወላጆቻችን ከጉሮሮአቸው ቀንሰው የላኩልን ገንዘብ ነው። ከዚያም በላይ ጎመኑን በጀርባዋ አዝላ ሳይነጋ መንገድ የጀመረችው ሴት ድካም ነው። ስለዚህ ነገሩ ጥቂት ጥናት የሚገባው መስሎ ታየን።

በመጀመሪያ አትክልት ለምን እንደሚጠወልግ እንመርምር። አትክልት ከተቆረጠ በኋላም ሕይወት አለው፤ ይተነፍሳል፤ ሲተነፍስም ያከማቸውን ምግብ ይጨርሳል፤ ውሃውንም ለአየሩ ይሰጣል። ሰላጣ ከመቶ 95 እጅ ያህሉ ውሃ ነው፤ ጥቅል ጎመን 92፤ ካሮት 88 እጅ ያህል ነው። ቅጠሉን ቀጥ አድርጎ የሚያቆመው በውስጡ ተወጥሮ ያለው ይኸው ውሃ ስለ ሆነ፥ ከክብደቱ ከመቶ አምስት እጅ ያህል ከጐደለ ቅጠሉ ይዝላል። ሙቀት በ10 ዲግሪ በጨመረ ቍጥር ደግሞ አተነፋፈሱ ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ይፈጥናል። እንግዲህ የአትክልት ጠላቶች ሁለት ናቸው ማለት ነው፤ ሙቀትና ደረቅ አየር። ፌስታል ድርቀቱን ቢከላከልም፥ በተቋጠረ ጊዜ እርጥበቱን አፍኖ ጠብታ ያደርገዋልና ቅጠሉን ከመጠውለግ አድኖ ለመበስበስ አሳልፎ ይሰጠዋል።

ስለዚህ ጉዳይ ስንከራከር የሰሙን የቤታችን አከራይ «አይ ልጆቼ፤ ይህን ሁሉ መጽሐፍ ስታነቡ የገንቦ ውሃ ለምን እንደሚቀዘቅዝ አላነበባችሁም?» አሉን። አፈርን፤ ነገር ግን መልሱ ያለው በጥያቄያቸው ውስጥ ነበር። ውሃ ከሸክላው ቀዳዳዎች ወጥቶ በሚተንበት ጊዜ ሙቀትን ከሸክላው ይወስዳል። አንድ ኪሎ ውሃ ለመትነን 2,400 ኪሎ ጁል ያህል ሙቀት ይፈልጋል። ይህን ነገር ናይጄሪያዊው መምህር መሐመድ ባህ አባ ለአትክልት ማቆያ አዋለው። እርሱ ከሸክላ ሠሪዎች ቤተ ሰብ የተወለደ ሲሆን፥ በ1995 እ.ኤ.አ. አንዱን ማሰሮ በሌላው ውስጥ አስቀምጦ በመካከላቸው እርጥብ አሸዋ በመሙላት ሥራውን ጀመረ፤ በ2000 እ.ኤ.አ.ም የሮሌክስን ሽልማት አገኘ። እርሱ እንደ ገለጸው፥ በሦስት ቀን ይበላሽ የነበረው ደበርጃን በዚህ ዘዴ 27 ቀን ቆይቷል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ ትልቅና አንድ ትንሽ ሸክላ ይገዛል። ትልቁ በዘይት ወይም በጎመን ዘር ያልተሟሸ መሆን አለበት፤ የተሟሸ እንደ ሆነ ቀዳዳው ይደፈናልና ውሃው ሊወጣ አይችልም። በትልቁ ሸክላ ሥር አሸዋ ይነጠፋል፤ ትንሹ በላዩ ይቀመጣል፤ በዙሪያው በቀረው የሦስት ጣት ያህል ክፍተት አሸዋ ይሞላል። አሸዋው ጧትና ማታ በውሃ ይርሳል፤ አፉ በእርጥብ አቡጀዲ ይሸፈናል። ሸክላው በሦስት ጉልቻ ላይ ከፍ ብሎ ጥላና ነፋስ ባለበት ቢቀመጥ መልካም ነው። ጨርቁ በሳምንት አንድ ጊዜ ታጥቦ በፀሐይ ይደርቃል፤ ሸክላውም ካልተሰበረ ለዓመታት ያገለግላል።

ሁሉ አትክልት ግን አንድ ጠባይ የለውም።

ጎመን፥ ቆስጣና ሰላጣ ሳይታጠቡ የበሰበሰው ቅጠል ይለቀምላቸዋል፤ ማሰሪያቸው ይፈታል፤ በእርጥብ ጨርቅ ተጠቅልለው ወደ ሸክላው ይገባሉ። ጥቂት የጠወለገ ቅጠል ግንዱ ተቈርጦ በቀዝቃዛ ውሃ ቢቆም ይመለሳል።

የካሮትና የቀይ ሥር ቅጠል ወዲያው ይቈረጣል፤ ካልተቈረጠ ከሥሩ ውሃ ይስባልና።

ቲማቲም ለብቻው ይቀመጥ። በሚበስልበት ጊዜ ኢቲሊን የሚባል ጋዝ ስለሚያወጣ፥ አጠገቡ ያለውን ቅጠል ያቢጫል፤ ካሮትንም ያመራል።

ሽንኩርት፥ ነጭ ሽንኩርትና ድንች ወደ ሸክላው ከቶ አይግቡ፤ እርጥበት ያበቅላቸዋል፤ ያበሰብሳቸዋልም። ነፋስ በሚያሳልፍ ቅርጫት ይቀመጡ፤ ድንቹ ግን ከሽንኩርቱ ተለይቶ በጨለማ ይሁን። ብርሃን ያገኘው ድንች ይመራል፤ አረንጓዴ የሆነው ክፍል መርዝነት አለውና መጣል ይገባዋል።

ይህ ዘዴ ወሰን እንዳለው መሸሸግ አይገባንም። ውሃ የሚተነው አየሩ ደረቅ ሲሆን ነው። ስለዚህ ጎንደር ላይ ከጥቅምት ጀምሮ እስከ ሚያዝያ ድረስ በደንብ ይሠራል፤ የሁዳዴም ጾም የሚውለው በዚሁ ጊዜ ውስጥ ነው። በክረምት ግን አየሩ ራሱ በውሃ የተሞላ ስለ ሆነ ሸክላው አይቀዘቅዝም። እኛ ይህን ሳናስተውል በነሐሴ፥ በፍልሰታ ጾም አሸዋውን ስናረሰርስ ሰንብተን፥ ጨርቁ ሻገተ፤ ጎመኑም ሸተተ። በዚያ ወራት ጥቂት በጥቂት መግዛት ይሻላል። ከ2,800 ሜትር ከፍታ ባላነሰችው በደባርቅ ያሉ ጓደኞቻችን ደግሞ የሌሊቱ ብርድ ራሱ ማቀዝቀዣ ስለ ሆነላቸው እርጥብ ጨርቅ ብቻ ይበቃቸዋል።

በመጨረሻ አንድ ነገር ሳንናገር ብናልፍ ሕሊናችን ይወቅሰናል። ከጎንደር ወደ ደባርቅ በሚወስደው መንገድ ጥቂት ኪሎ ሜትር ሲኬድ ወለቃ ትገኛለች። የወለቃ ቤተ እስራኤል ሴቶች በሸክላ ሥራቸው የታወቁ ነበሩ፤ አብዛኞቹ እስከ 1983 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ወደ እስራኤል ሄደዋል። አገሩ በማሰሯቸው እየበላና በገንቧቸው እየጠጣ፥ እነርሱን «ቡዳ» ብሎ ይሸሻቸው ነበር። ዛሬም በወለቃ ሸክላ የሚሠሩ እጆች አሉ፤ የእኛ ገንዘብ ግን ወደ ፌስታልና ወደ ፕላስቲክ ይሄዳል። የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት በ2017 ዓ.ም. ፌስታልን የሚከለክል አዋጅ ካጸደቀ ወዲህ እንኳ ልማዳችንን አልተውንም።

እኛ የተማርን ነን ባዮች የሸክላ ሠሪዋን ጥበብ ከናይጄሪያ ዞሮ እስኪመጣልን ድረስ መጠበቅ አልነበረብንም። ስለዚህ ጓደኞቻችን ሆይ፥ በሚቀጥለው ቅዳሜ ጎመን ልትገዙ ስትወጡ ሁለት ሸክላም ጨምራችሁ ግዙ፤ ዋጋውንም እጅግ አትከራከሩ።