ብረቱን ወደ ራስህ አስጠጋ

በወጣትነታቸው አጋሮ ቡና መጋዘን ውስጥ ጆንያ ሲሸከሙ የነበሩ ጡረተኛ የስፖርት መምህርና ጅማ ውስጥ ብረት ማንሳት የጀመረ ወጣት።

ወጣቱ፦ ጋሼ፣ ብረቱን ከመሬት ሳነሳ ወገቤን ይወጋኛል። 40 ኪሎ ከብዶኝ ይሆን?

መምህሩ፦ ከኪሎው በፊት ብረቱ ከሰውነትህ ምን ያህል ይርቃል ብለህ ጠይቅ። አከርካሪህን የሚይዙት የጀርባ ጡንቻዎች ከአከርካሪው መሐል የሚርቁት 5 ሴንቲሜትር ያህል ብቻ ነው። 20 ኪሎ ፊት ለፊትህ በ50 ሴንቲሜትር ርቀት ስትይዝ እነሱ 200 ኪሎ ያህል ይጎትታሉ፤ የራስህና የደረትህ ክብደት ሳይቆጠር። ወደ 25 ስታስጠጋው በግማሽ ይቀንሳል፤ ኪሎው ግን ያው ነው።

ወጣቱ፦ እንግዲያው ቅልጥሜን እየታከከ ይውጣ?

መምህሩ፦ እየታከከ። ከመነሳቱ በፊት ብረቱ ከእግርህ መሐል በላይ፣ ከጫማህ ክር አናት ላይ ይዋል። ክብደቱ በተረከዝህ፣ በአውራ ጣትህ ሥርና በትንሿ ጣትህ ሥር ይከፋፈል። ተረከዝህ ከተነሳ ሸክሙ ወደ ፊት ሸሽቷል። ስታጎነብስ ዳሌህን ወደ ኋላ ግፋ እንጂ ወገብህን አታጉብጥ፤ ጉልበቶችህም ወደ ውስጥ አይግቡ።

ወጣቱ፦ ቁጭ ብድግ ስሠራስ? ጉልበት ከእግር ጣት አይለፍ ይሉኛል።

መምህሩ፦ እኔ ይህን አልቀበልም። ጭኑ ረጅም የሆነ ሰው ጉልበቱን ከከለከለው ደረቱ ወደ ፊት ይደፋል፤ ጉልበቴን አዳንኩ ሲል ሸክሙን ወገቡ ላይ ጫነው ማለት ነው። ተረከዝህ መሬት ካልለቀቀና ካላመመህ ይለፍ።

ወጣቱ፦ ጫኝና አውራጆቹን ግን ማን አስተማራቸው? ሙሉ ጆንያ ትከሻቸው ላይ ጥለው መኪና ላይ ሲወጡ አያለሁ።

መምህሩ፦ ሥራው ራሱ። የለመደ ጫኝ ጆንያውን ብቻውን ከመሬት አይነቅልም፤ ሁለት ሰው ያሸክሙታል። ትከሻውና ማጅራቱ ላይ ያስተካክለዋል፣ ክብደቱም ልክ ከእግሩ በላይ ያርፋል። መዞር ሲፈልግ እግሩን አንስቶ ይዞራል፤ ሸክም ይዞ ወገብን መጠምዘዝ ከሁሉ የከፋ መሆኑን ያውቃል። ታዲያ ስልታቸውን አድንቀህ ብቻ እንዳታልፍ። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ1967 እ.ኤ.አ. ባወጣው ምክረ ሐሳብ አንድ ጎልማሳ ወንድ ሠራተኛ የሚሸከመው ከ55 ኪሎ እንዳይበልጥ ይላል። የአሜሪካ የሥራ ደኅንነትና ጤና ተቋም ቀመር ደግሞ ሁሉ ነገር በተመቻቸበት ሁኔታ እንኳ የሚነሳውን በ23 ኪሎ ይገድባል። ለውጭ ገበያ የሚላከው የቡና ጆንያ 60 ኪሎ ነው፤ ሦስት ፈረሱላ ተኩል! ይህን ቀኑን ሙሉ የተሸከመ ሰው ወገቡ ሲጎዳ «አነሳሱን አላወቀበትም» ሲባል ስሰማ ያንገበግበኛል። አነሳስ ብቻውን የማያስተካክለው ክብደት አለ፤ ጋሪ፣ ሁለተኛ ሰው፣ አነስ ያለ ጆንያ ይፈልጋል። አንተ ክብደትህን ራስህ ትመርጣለህ፤ ያ ጫኝ አይመርጥም።

ወጣቱ፦ ቀበቶ ብታጠቅ ይረዳኛል?

መምህሩ፦ መጀመሪያ ያለ ቀበቶ ልመድ። ከማንሳትህ በፊት ትንፋሽ ወደ ሆድህ ስበህ ሆድህን ዙሪያውን አጠንክር፤ አከርካሪህን የሚደግፈው እሱ ነው። ቀበቶ የሚጠቅመው ይህን ላወቀ ሰው ነው። የደም ግፊት ያለበት ግን ትንፋሹን አፍኖ እንዳይታገል።

ወጣቱ፦ ሕመሙንስ ምን ላድርገው?

መምህሩ፦ ወደ እግርህ የሚወርድ ወይም የሚያደነዝዝህ ከሆነ ብረቱን ተውና ሐኪም ዘንድ ሂድ፤ የጅማ ዩኒቨርሲቲ ሕክምና ማዕከል እዚያው ከተማህ ውስጥ ነው። ሽንትህን መቆጣጠር ካቃተህ ደግሞ በዚያው ሰዓት ሂድ። እንዲህ ያለ ነገር ከሌለና ወገብህ ከተሻለው፣ ክብደቱን አውልቀህ ባዶውን ዘንግ ያዝ፤ እሱም ቢሆን 20 ኪሎ ነው። ጓደኛህ ከጎንህ ሆኖ በስልክ ይቅረጽህ። ዘንጉ ከቅልጥምህ የሚለይበትን ቦታ ፈልግ፤ እዚያ ላይ ሳትቸኩል ሥራ።