አስቂኝ የቤት ቪዲዮዎን ከመልቀቅዎ በፊት ማወቅ ያለብዎ

የበዓሉ በግ ገመዱን በጥሶ አባወራውን በግቢው ሲያሯሩጥ፣ ወይም ድመቷ ከድስቱ የዶሮ ብልት መንትፋ ስትሮጥ ቀርጸዋል እንበል። ኮልፌ ቀራኒዮ ውስጥ፣ ከአየር ጤና እስከ አለም ባንክ፣ ያየው ጎረቤት ሁሉ «ቲክቶክ ላይ ይልቀቁት እንጂ!» ይልዎታል። የሚያስከትለውን ግን ማንም አይነግርዎትም። እስቲ መጀመሪያ እነዚህን ይጠይቁ።

• የተቀረጸው ሰው ፈቅዷል? በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የሰው ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ በመርህ ይከለክላል። ልብ ይበሉ፦ አብሮ መሳቅ ፈቃድ አይደለም። አሳይተው «ይውጣ ወይ?» ብለው ይጠይቁ።

• ልጅዎ አድጎ ቢያየው ምን ይላል? ሱሪው የወለቀ ሕፃን ዛሬ ያስቃል፤ ነገ የክፍል ጓደኞቹ መሳለቂያ ያደርጉታል። ልብ ይበሉ፦ እርስዎ ቢያጠፉትም ያወረዱት ሰዎች ስልክ ላይ ይቀራል።

• ከጀርባ ምን ይታያል? የኮንዶሚኒየሙ ብሎክና የቤት ቁጥር፣ የመኪና ታርጋ፣ የትምህርት ቤት ዩኒፎርም? ልብ ይበሉ፦ «ሳምንቱን ሙሉ ክፍለ ሀገር ነን» የሚል ድምፅ ከገባበት ሌባም ይሰማዋል።

• ውሻው እየተጫወተ ነው ወይስ ተቆጥቷል? ለሳቅ ብለው ምግቡን የሚቀሙት ውሻ ይነክሳል። ልብ ይበሉ፦ ከነከሰ ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በውሃና በሳሙና አጥበው በዚያው ቀን ጤና ተቋም ይሂዱ። የእብድ ውሻ በሽታ ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል።

• ብሩ ከየት ይመጣል? የቲክቶክ የቪዲዮ ክፍያ 18 ዓመት መሙላትን፣ 10,000 ተከታይን፣ በ30 ቀን 100,000 ዕይታንና ከአንድ ደቂቃ በላይ የሚረዝም ቪዲዮን ይጠይቃል፤ ያውም ለተመረጡ አገሮች ብቻ ነው። ልብ ይበሉ፦ «የውጭ አካውንት ልሽጥልዎ» ያለ ሰው አካውንቱ ሲዘጋ ስልክ አያነሳም።

• «ቪዲዮዎን እንግዛው» ያለው ማን ነው? የሰው ቪዲዮ ሰብስበው ለቴሌቪዥንና ለማስታወቂያ የሚያከራዩ ድርጅቶች አሉ። ውሉ «ለዘላለም» ይላል? ድርሻዎ በመቶ ስንት ነው? በ2007 እ.ኤ.አ. ዩቲዩብ ላይ የወጣው፣ እንግሊዛዊው ሕፃን የወንድሙን ጣት ሲነክስ የሚያሳየው ቪዲዮ በ2021 በዲጂታል የባለቤትነት ምስክር (NFT) መልክ ከ760,000 ዶላር በላይ ተሽጧል፤ ሻጩ ራሱ ቤተሰቡ ነበር። ልብ ይበሉ፦ መብቱን አስቀድመው ፈርመው ከሰጡ፣ ቪዲዮው ዋጋ ሲያወጣ ተመልካች ሆነው ይቀራሉ።

• ቅድሚያ ክፍያ ጠየቁዎት? «ሽልማት ደርሶዎታል፣ ማስፈጸሚያውን በቴሌብር ይላኩ» ካሉዎት አጭበርባሪዎች ናቸው። ልብ ይበሉ፦ የሚስጥር ቁጥርዎንና በመልእክት የመጣልዎትን ኮድ ለማንም አይስጡ።

ከእነዚህ አንዱ እንኳ ከከነከነዎት ቪዲዮውን ለዘመድ ብቻ ያሳዩ፤ ያውም ከራስዎ ስልክ ላይ። አለመልቀቅ አያስከፍልም፤ የለቀቁትን መመለስ ግን ከእጅዎ ውጪ ነው።