ምዕራፍ 7፦ ጠግቦ ማደርና ማደግ

ባለፈው ዓመት አንድ ጤና ጣቢያ ወረፋ ይዤ ተቀምጬ ሳለሁ አንዲት እናት ከፊቴ ልጇን ታስመዝን ነበር። ልጁ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ሆኖታል። ጉንጩ ሞላ ያለ ነው፤ ለዓይን ምንም የጎደለው አይመስልም። ነርሷ ቁመቱን ለክታ ካርዱ ላይ ነጥብ አስቀመጠችና ነጥቡን ትኩር ብላ አየችው። በዕድሜው ሊደርስበት ከሚገባው ብዙ ወርዷል።

«አባቱም አጭር ነው፣ ሲስተር» አለች እናትየው። «ደግሞ ጠግቦ ነው የሚያድረው፤ አንድም ቀን ርቦት ተኝቶ አያውቅም።»

ነርሷ አልተከራከረቻትም። የእናትየውን የደም ግፊት ለካች፤ ከፍ ብሏል። ሚዛን ላይ አወጣቻት፤ ክብደቷም ከልክ አልፏል። ከአንድ ማዕድ የሚበሉ እናትና ልጅ፣ እሱ ቀንጭሯል፣ እሷ ከመጠን በላይ ወፍራለች። የሥነ ምግብ ባለሙያዎች ድርብ ሸክም የሚሉት ይህንን ነው።

እኛ ረሃብን ለድሃ፣ ቦርጭን ለሀብታም ሰጥተን ኖረናል። «ወፈርክ፣ ተመችቶሃል» ስንባባል ከልባችን ምርቃት ነው፤ ክፉ ቀን ያየ ሕዝብ እንዲህ ቢል አይፈረድበትም። ነገር ግን ዛሬ በከተሞቻችን ሁለቱም ከአንድ ሳህን እየወጡ ነው።

ሳህኑን ጠጋ ብለን እንየው። እናትየው ጉሊት ነው የምትውለው። ጠዋት ዳቦ በሻይ፣ ሻዩ ሦስት ማንኪያ ስኳር አለበት። ምሳ ዘይት የበዛበት ፓስታ፣ ማታ እንጀራ በሽሮ። ልጁም ከዚሁ ይካፈላል፤ ሲያለቅስ ብስኩት ይገዛለታል። በትንሽ ብር ሆድ የሚሞሉት ዘይት፣ ስኳርና የስንዴ ዱቄት ናቸው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ካሎሪ ገደማ ይሰጣል፤ አጥንትና ደም የሚሠራው ፕሮቲን፣ ብረትና ዚንክ ግን የለበትም። ተቀምጣ ለምትውለው እናት ትርፉ ስብ ሆኖ ይጠራቀማል። የልጁ ሆድ ደግሞ ትንሽ ናት፤ በብስኩትና በሻይ ከሞላች ለእንቁላልና ለወተት ቦታ አይተርፋትም። ሻይ ራሱ ከምግብ ጋር ሲጠጣ ሰውነት ብረት እንዳያገኝ ያውካል። እሷን የሚያወፍረው ምግብ እሱን ያቀነጭረዋል።

ይህ የአንድ ቤት ገመና አይደለም። በ2016 እ.ኤ.አ. በተደረገው የአገራችን የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ5 ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 38 በመቶዎቹ ቀንጭረው ተገኝተዋል። ከ6 እስከ 23 ወር ከሆናቸው ሕፃናት በቂ ዓይነት ያለው ምግብ ያገኙት 14 በመቶዎቹ ብቻ ናቸው። በዚያው ጥናት ከመጠን ያለፈ ክብደት ያላቸው ሴቶች በአገር ደረጃ 8 በመቶ ሲሆኑ አዲስ አበባ ላይ 29 በመቶ ገደማ ይደርሱ ነበር።

ረሃብንና ውፍረትን የሚያስተሳስር ሌላ ገመድም አለ። በ1944ና 45 እ.ኤ.አ. ክረምት፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ፣ ምዕራብ ኔዘርላንድ በጀርመኖች እገዳ ክፉኛ ተራበች። በዚያ ወራት ማህፀን ውስጥ የነበሩ ወንዶች 19 ዓመት ሲሆናቸው ለውትድርና ተመረመሩ። ረሃቡ በእርግዝናው የመጀመሪያ አጋማሽ ካገኛቸው መካከል ወፍራሞቹ ከሌሎቹ ይልቅ በዝተው ተገኙ። ማህፀን ውስጥ የተራበ አካል ቆጣቢ ሆኖ ይፈጠራል፤ ኋላ ምግብ ሲተርፈው ያከማቻል ይላሉ ተመራማሪዎች። ይህን ሳነብ በአገራችን በ1977 ዓ.ም. ረሃብ የተወለዱት ጓደኞቼ ታወሱኝ። ዛሬ አርባ አልፏቸዋል።

እንግዲህ ምን ይደረግ? ዋናው ጊዜ ከእርግዝና እስከ ሁለተኛ ዓመት ልደት ያለው ሺህ ቀን ነው። እስከ 6 ወር የእናት ጡት ብቻ፤ ከዚያ ጡቱ ሳይቋረጥ እንቁላል፣ ወተት፣ ጥራጥሬና አትክልት ይጨመራል። ነርሷ እናትየውን «ምን ትሸጫለሽ፣ እህቴ?» አለቻት።

«ጎመን፣ ካሮት፣ ቲማቲም።»

«ለልጁስ?»

«እሱማ ለገበያ ነው» አለች።

ማታ ሳይሸጥ የቀረው ጎመን ደቆ ተከትፎ ከልጁ ሽሮ ውስጥ ቢገባ ተጨማሪ ወጪ የለውም። በጾም ወራት ያለው ችግር ደግሞ ሌላ ነው። ሕፃን እንደማይጾም ሁሉም ያውቃል፤ ግን ድስቱ እንዳይነካካ ተብሎ ለልጁ እንቁላል ሳይቀቀል ሁለት ወር ያልፋል። ለልጁ የራሱን ትንሽ ድስትና ማንኪያ ለዩለት። እኔ ከዚህ የሚቀልና የሚጠቅም ምክር አላውቅም።

ለእናትና ለአባት ደግሞ ከለስላሳው ጀምሩ። ባለ 300 ሚሊ ሊትሩ ጠርሙስ 30 ግራም ገደማ ስኳር ይይዛል፤ የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው ከተቻለ በቀን ከ25 ግራም እንዳያልፍ ይመክራል።

ወገብን ለመለካት ሜትር አያስፈልግም። ነርሷ ረዘም ያለ ክር በጥሳ ከእናትየው ራስ እስከ ተረከዟ ለካች፤ ለሁለት አጥፋም በእምብርቷ ላይ አዞረችው። ክሩ ከገጠመ ደህና ነው፤ ካልደረሰ ሆድ ዕቃ ዙሪያ ስብ በዝቷል ማለት ነው። አራት ጣት ያህል ጎደለ። እናትየው ክሩን ተቀብላ ጠቀለለችና መቀነቷ ውስጥ፣ ብሯ ካለበት ቋጠረችው።