የሥራ ፈረቃን ለፔሮል ማዘጋጀት

ከአንድ ስደተኛ መምህር፣ ጎልቦ



ይህ ትምህርት የተዘጋጀው ለአስተርጓሚዎች፣ ለመምህራን፣ ለእህል አዳዮችና ለጥበቃ ሠራተኞች የሥራ ፈረቃ ለሚያወጡና በወሩ መጨረሻ ዝርዝሩን ለሂሳብ ክፍል ለሚያስተላልፉ ወገኖች ነው። ራሱ ሠራተኛውም ቢያነበው ይጠቅመዋል። በኬንያ በእርዳታ ድርጅቶች ውስጥ የሚሠራ አብዛኛው ስደተኛ የሚያገኘው ሙሉ ደመወዝ ሳይሆን ኢንሴንቲቭ የሚባል አነስተኛ ክፍያ ነው። ከዚህ ላይ የሁለት ቀን ሂሳብ በስሕተት ቢጎድል የአንድ ቤት የዘይትና የስኳር ገንዘብ ጎደለ ማለት ነው። ስሕተቱ ቢገኝም ብዙ ጊዜ የሚታረመው በሚቀጥለው ወር ነው። ስለዚህ ጥንቃቄው አስቀድሞ መደረግ አለበት።

ሀ. ዕቅድና የተሠራ ሥራ

በወሩ መጀመሪያ ግድግዳ ላይ የሚለጠፈው ፈረቃ ዕቅድ ነው። ማን መቼ እንዲገባ እንደታሰበ ያሳያል እንጂ ማን እንደሠራ አይናገርም። አንዱ ሲታመም ሌላው ይተካዋል፤ በጎልቦ በኩል የሚመጣው የእህል መኪና ሲዘገይ የእደላው ቀን ይለወጣል። ክፍያ የሚሠራው በፊርማ መዝገቡ ነው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጡና በተለያዩበት ቀን ሁሉ ምክንያቱን በአጭሩ ጻፉ፤ «በፈቃድ»፣ «ታሞ፣ የሐኪም ወረቀት አለ»። የተካው ሰው ስምም ይጻፍ፤ አለዚያ ለሠራው ሳይከፈል ላልሠራው ይከፈላል።

ለ. የሰዓት አቆጣጠር

ሞያሌ ድንበር ለሁለት የከፈላት ከተማ ናት። ሰዓቱ በሁለቱም ወገን አንድ ነው፤ የሚለያየው አቆጣጠሩ ነው። እኛ ከጠዋቱ 2 ሰዓት የምንለውን ፈረንጅ 8 ሰዓት ይለዋል። ስዋሂሊ ተናጋሪውም በቃል ሲናገር እንደኛ ከንጋት ጀምሮ ስለሚቆጥር «ሳ ምቢሊ»፣ ማለትም 2 ሰዓት ይላል፤ ቅጹ ላይ ሲጽፍ ግን 8:00 ብሎ ነው። ስሕተት የሚገባው እዚህ ላይ ነው። አንዲት አስተርጓሚ የገባችበትን በፈረንጅ 8:00፣ የወጣችበትን ደግሞ በሐበሻ 11:00 ብላ ብትጽፍ የ9 ሰዓት ቆይታዋ 3 ሰዓት ብቻ ሆኖ ይታሰባል።

በአንዱ አቆጣጠር ብቻ ጻፉ። ወደ ፈረንጅ ሰዓት ለመለወጥ፦

1. ከጠዋቱ 1 እስከ ማታ 12 ሰዓት ላለው 6 ደምሩ። ከቀኑ 11 ሰዓት 17:00 ይሆናል።
2. ከምሽቱ 1 እስከ ሌሊቱ 5 ሰዓት ላለው 18 ደምሩ። ከምሽቱ 3 ሰዓት 21:00 ይሆናል።
3. ከሌሊቱ 6 እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ላለው 6 ቀንሱ። ከሌሊቱ 9 ሰዓት 3:00 ይሆናል።

ሐ. የወሩ መዝጊያ

የእኛ ወር 30 ቀን ነው፤ ፔሮሉ ግን በፈረንጅ ወር ይሄዳል። የኦክቶበር ክፍያ ከመስከረም 21 እስከ ጥቅምት 21 ያለውን 31 ቀን ይይዛል። ጳጉሜን 6 ቀን ከሆነች በኋላ በሚመጣው መስከረም ግን ከመስከረም 20 እስከ ጥቅምት 20 ይሆናል። በፈረንጅ ቀኑ የሚለወጠው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ስለሆነ፣ በወሩ የመጨረሻ ሌሊት የሚያድር ጥበቃ ሰዓቱ በሁለት ወር ይከፈላል። ይህን ያልለየ መዝገብ ወይ ሰዓቱን ይጥላል፣ ወይ ሁለት ጊዜ ይቆጥራል።

መ. ተቀናሽ

በ2007 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የኬንያ የሥራ ቅጥር ሕግ፣ ያለፈቃድና ያለበቂ ምክንያት ሙሉ ቀን ለቀረ ሠራተኛ በእያንዳንዱ ቀን ከአንድ ቀን ደመወዝ በላይ እንዳይቆረጥበት ይደነግጋል። ሕጉ ለደመወዝተኛ የወጣ ቢሆንም ለኢንሴንቲቭም ጥሩ መለኪያ ነው። ለምሳሌ ክፍያው 5,200 ሽልንግ፣ የወሩ የሥራ ቀን 26 ቢሆን፣ የቀኑ 200 ሽልንግ ነው። ሁለት ቀን ያለፈቃድ የቀረ 4,800 ይከፈለዋል እንጂ የሳምንት ክፍያ አይቆረጥበትም።

ሠ. ከማስተላለፋችሁ በፊት

እያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱን መስመር አይቶ ይፈርም። ማንበብ ለማይችል በቋንቋው ይነበብለት። የተሳሳተውን አትፋቁ፤ በአንድ መስመር ሰርዛችሁ ትክክለኛውን ከጎኑ ጻፉና ፈርሙበት። ስም በመታወቂያው ላይ እንዳለው ይጻፍ። ዝርዝሩን ስታስረክቡ ቀኑ የተጻፈበት ቅጂ በእጃችሁ ይቅር። ክርክር ሲነሣ የሚመሰክረው እርሱ ነው።

መልመጃ

1. ከምሽቱ 4 ሰዓት በቅጹ ላይ ስንት ተብሎ ይጻፋል?
2. አንድ ጥበቃ ኦክቶበር 31 ማታ 12 ሰዓት ገብቶ በማግሥቱ ንጋት 12 ሰዓት ወጣ። ለየትኛው ወር ስንት ሰዓት ይመዘገብለታል?

መልስ፦ 1. 22:00። 2. ለኦክቶበር 6፣ ለኖቬምበር 6።