በእርግዝና ወቅት የሚከሰት እብጠት፦ የሊምፍ ቱቦዎች በማህፀን ውስጥ ምን ይሠራሉ?



እዚህ ጅግጅጋ የእርግዝና ክትትል ስሠራ ደጋግሞ የሚመጣልኝ ጥያቄ «ዶክተር፣ እግሬ አብጧል፤ ችግር አለው ወይ?» የሚል ነው። ከቶጎ ውጫሌ፣ ከአውበሬና ከቀብሪበያህ የሚመጡ እናቶችም ይህንኑ ይጠይቁኛል። መልሱን በደንብ ለመረዳት ብዙ ሰው ስሙን ከማያውቀው የሊምፍ ቱቦ እንጀምር።

ሊምፍ ምንድን ነው?

ደም በቀጫጭን የደም ሥሮች ውስጥ ሲያልፍ የተወሰነ ፈሳሽ ወደ ሰውነት ክፍሎች ይወጣል። ከዚህ የሚተርፈውን ሰብስበው ወደ ደም የሚመልሱት የሊምፍ ቱቦዎች ናቸው። በቀን ከ2 እስከ 3 ሊትር የሚሆን ፈሳሽ ይመልሳሉ። ሌላም ሥራ አላቸው፤ የበሽታ ተከላካይ ሴሎችን በብብትና በብሽሽት ወደምናውቃቸው ንፍፊቶች ያደርሳሉ። «ባዕድ ነገር ገብቷል» የሚለው መልእክት የሚሄደው በእነዚህ ቱቦዎች ነው።

በማህፀን ውስጥስ?

የማህፀን ጡንቻ በርካታ የሊምፍ ቱቦዎች አሉት። በየወሩ በወር አበባ በሚፈርሰው የላይኛው ሽፋን ላይ ግን ጥቂትና ቀጫጭን ናቸው። እርግዝና ሲፈጠር ይህ ሽፋን ተለውጦ ዴሲዱዋ የሚባል ወፍራም መኝታ ይሆናል፤ የእንግዴ ልጅ የሚተከለው እዚያ ላይ ነው። የእንግዴ ልጁ ራሱ የሊምፍ ቱቦ የለውም።

አሁን አስቡት፤ የፅንሱ ግማሽ ዘር የአባት ነው። ለእናት ሰውነት በከፊል ባዕድ ነው ማለት ነው። ታዲያ ለምን አይጠቃም? በ2009 በአይጦች ላይ የወጣ ጥናት አንዱን ምክንያት አሳይቷል፦ በዴሲዱዋ ውስጥ ያሉት መልእክተኛ ሴሎች ከዚያ ወጥተው ወደ ንፍፊት መድረስ አይችሉም። መልእክቱ ስለማይደርስ ጥቃቱም አይነሳም። በሰው ላይ ግን ሳይንቲስቶች እስካሁን ይከራከራሉ፤ አንዳንዶቹ በእርግዝና ጊዜ ቱቦዎቹ ይጠፋሉ ሲሉ፣ ሌሎቹ የእንግዴ ልጁ ሴሎች አዳዲስ ቱቦ እንዲበቅል ያደርጋሉ ይላሉ።

ታዲያ እግር ለምን ያብጣል?

በእርግዝና የእናት ደም መጠን እስከ ግማሽ ያህል ይጨምራል። የከበደው ማህፀን ደግሞ ከእግር ወደ ልብ የሚመለሱትን የደም ሥሮች ይጫናል። የሚወጣው ፈሳሽ የሊምፍ ቱቦዎች መመለስ ከሚችሉት ሲበልጥ እግር ያብጣል። ሁለቱም እግር እኩል ካበጠ፣ ማታ ጨምሮ እግርን ከፍ አድርገው ሲያርፉ የሚቀንስ ከሆነ አብዛኛውን ጊዜ ጤነኛ ነው።

አደገኛው የትኛው ነው?

የእንግዴ ልጁ በመጀመሪያዎቹ ወራት የማህፀንን የደም ሥሮች በደንብ ካላሰፋ፣ ከ20 ሳምንት በኋላ ፕሪኤክላምፕሲያ የሚባል የደም ግፊት ሕመም ሊመጣ ይችላል። የእናትን የደም ሥሮች ይጎዳል፤ ፈሳሹም በብዛት ይወጣል። ካልታከመ የሚጥል ሕመም ያመጣል፣ እናትንም ልጅንም ሊገድል ይችላል። የሚከተሉት ከታዩ ቀጠሮ አትጠብቁ፣ በዚያው ሰዓት ሂዱ፦

• ፊትና እጅ በድንገት ሲያብጥ
• በማስታገሻ የማይለቅ ራስ ምታት
• ብዥ ማለት ወይም ብልጭ ብልጭ የሚል ነገር ማየት
• በቀኝ በኩል ከጎድን አጥንት በታች ሕመም
• የትንፋሽ ማጠር፣ የሽንት መቀነስ
• የደም ግፊት 140/90 እና ከዚያ በላይ፤ 160/110 ከደረሰ ድንገተኛ ነው
• አንድ እግር ብቻ ሲያብጥና ሲያም (የደም መርጋት ሊሆን ይችላል)

ልብ በሉ፦ ፕሪኤክላምፕሲያ ያለ እብጠትም ይመጣል፤ ከወለዱ በኋላም እስከ 6 ሳምንት ሊከሰት ይችላል። ስለዚህ እግርን አይቶ መፍረድ አይቻልም። ግፊት መለካትና ሽንት መመርመር ግድ ነው።

ምን እናድርግ?

1. የዓለም ጤና ድርጅት ከ2016 ጀምሮ ቢያንስ 8 ጊዜ ክትትል ይመክራል። የመጀመሪያው ከ12 ሳምንት በፊት ይሁን። በየቀጠሮው «ግፊቴ ስንት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ።
2. እብጠቱን ለማጥፋት ብላችሁ ውሃ አትቀንሱ፤ የሽንት ኪኒን ከፋርማሲ ገዝታችሁ አትዋጡ።
3. በጎን ተኙ፣ እግራችሁን ከፍ አድርጉ፣ ለረጅም ሰዓት አትቁሙ።
4. ቀድሞ ግፊት፣ ስኳር ወይም ፕሪኤክላምፕሲያ የነበረባችሁ፣ ወይም መንታ ያረገዛችሁ በጊዜ ንገሩን፤ በሐኪም ትዕዛዝ የሚጀመር አነስተኛ መጠን ያለው አስፒሪን አለ።
5. ከጅግጅጋ ውጭ ያላችሁ፣ የወረዳችሁን የአምቡላንስ ስልክ አሁኑኑ መዝግቡ። ማን እንደሚያጅባችሁም ከባልና ከቤተሰብ ጋር ቀድማችሁ ተስማሙ። ሌሊት ሕመሙ ሲነሳ «ሽማግሌ እንጠይቅ» እየተባለ የሚያልፈው ሰዓት ውድ ነው። መናወጥን የሚከላከለው የማግኒዥየም መርፌ በጊዜ ሲሰጥ ሕይወት ያድናል።

ባሎች፣ አማቶች፣ እህቶች፦ ይህ ለእናንተም ነው። እርጉዝ እናት «ራሴን አመመኝ» ስትል «ፀሐዩ ነው» ብላችሁ አትለፏት።

ጥያቄ ካላችሁ ከሥር ጻፉልኝ። እርጉዝ ለሆነች እህታችሁ ሼር አድርጉላት። መልካም ጤና!